የመኪና ቤትና የነጋዴው ንብረት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውራ ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ ስለሚያልፍ፥ በእነዚህ ሁለት ከተሞች ለሚኖር ነጋዴ መኪና እንደ ሚዛኑና እንደ መዝገቡ የሥራው መሣሪያ ሆኗል። ስለዚህም በግቢ ውስጥ ጋራዥ ማሠራት የተለመደ ነገር ነው። ነገር ግን አሠራሩን በጥሞና ለተመለከተ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ይታየዋል፤ ይኸውም ብዙው ገንዘብ የሚወጣው መንገደኛ በሚያየው የላሜራ በር ላይ ሲሆን፥ ለወለሉ፥ ለውሃው መውረጃና ለአየሩ መተላለፊያ የሚቀረው ትራፊው ብቻ መሆኑ ነው። ይህ የተገለበጠ አሠራር ነው።

የአዊ ሰው ለፈረስ ያለው ክብር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል የታወቀ ነው። ለፈረስ ጋጣ የሚታሰበው ደረቅ ወለል፥ የሽንት መውረጃና ንጹሕ አየር ነው። ለመኪና ቤትም የሚያስፈልገው ይኸው ሆኖ ሳለ፥ ለፈረሱ የተደረገው ጥንቃቄ ለመኪናው መነፈጉ ምክንያቱ አይታወቅም።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር፥ ዳንግላም ከ2100 ሜትር ከፍ ያሉ ከተሞች ናቸው። ክረምታቸው ረዥምና ዝናባቸው ብርቱ ስለ ሆነ፥ የጋራዥ ሥራ ከኅዳር በኋላ ተጀምሮ ግንቦት ሳይጋመስ ቆርቆሮው መመታት ይኖርበታል። በዝናብ የተጀመረ መሠረት ቦዩ በውሃ ተሞልቶ ጎኑ ይናዳል፤ ግንበኛውም በጭቃ ላይ ድንጋይ ይደረድራል።

መሠረቱ የላይኛውን ጥቁርና ልል አፈር አልፎ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ድረስ መቆፈር አለበት። ጥልቀቱን የሚወስነው መሬቱ እንጂ የባለቤቱ ችኮላ አይደለም። ወለሉ በዙሪያው ካለው ግቢ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ይደረግና፥ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ድንጋይ በደንብ ተጠቅጥቆ በላዩ ካልቸስትሩዞ ይፈስበታል። ለቤት መኪናና ለባጃጅ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል፤ እህል የጫነ አይሱዙ የሚገባበት ከሆነ ግን ከ15 ማሳነስና ፌሮ ማስቀረት አይገባም። ልኩም 1 እጅ ሲሚንቶ፥ 2 እጅ አሸዋ፥ 3 እጅ ጠጠር ቢሆን መልካም ነው። ወለሉ ወደ በሩ በኩል በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ፤ እንዲህ ካልሆነ መኪናው ይዞት የሚገባው የዝናብ ውሃ ከጎማው ሥር ተኝቶ ይከርማል።

እዚህ ላይ ስለ ሠራተኞች ልማድ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ካልቸስትሩዞው ለማስተካከል እንዲቀላቸው ውሃ ያበዙበታል፤ በመጨረሻም ፊቱ እንዲያምር ደረቅ ሲሚንቶ በላዩ በትነው በማንኪያ ያለሰልሱታል። ይህ ወለል በተሠራበት ሳምንት እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ በዓመቱ ግን እየተፋቀ አቧራ ይሆናል። ብልሃቱ ውሃውን ቀንሶ ማቡካት፥ ከፈሰሰም በኋላ ወለሉን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ለ7 ቀን ያህል ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት ነው። የተጫነ መኪና እስከ 28 ቀን ድረስ ባይገባበት ይሻላል።

ስፋቱን በሚመለከት፥ ፒክ አፕ መኪና ርዝመቱ ከ5 ሜትር ስለሚያልፍ ከውስጥ 3 ሜትር ተኩል በ6 ሜትር ተኩል ያነሰ ቤት በሩን ከፍቶ ለመውረድ እንኳ አይመችም።

ቆርቆሮን በሚመለከት ገዢዎች ዘወትር የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የጌጁ ቁጥር እያደገ በሄደ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ 28 ጌጅ ከ35 ጌጅ ይወፍራል። ገጠሬው ገዢ ግን ቁጥሩ ከፍ ያለውን ይበልጣል ብሎ ይወስዳል። ቆርቆሮ የሚያስመጡና የሚቸረችሩ ነጋዴዎች ይህን ዝም ብለው ማለፍ አይገባቸውም፤ በመጀመሪያው በረዶ የተቀደደበት ሰው ወደዚያው ሱቅ አይመለስምና። ጣሪያው በየሜትሩ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ፤ ክፈፉም ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ። አሸንዳ ማድረግ ወጪ የሚመስለው የግድግዳው ልስን እስኪረግፍ ድረስ ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ የሚተከል እንደ ሆነ ልጡ ተልጦ፥ በደንብ ደርቆ፥ መሬት የሚገባው ጫፉም የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ ይሁን፤ ይህ ምስጡን ያዘገየዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በከተሞቻችን ጋራዥ የመኪና ቤት ብቻ ሆኖ አያውቅም። ቀን መጋዘን፥ ሌሊት የዘበኛ መኝታ ይሆናል። ጤፉና በርበሬው በአንድ በኩል፥ የቤንዚኑ ጄሪካን በሌላ በኩል፥ በመካከልም መኪናው ይቆማል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ በወለሉ ላይ ተንጣሎ ይቀራል። ስለዚህ የአየር ቀዳዳ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከወለሉ አጠገብም ትይዩ በሆኑ ሁለት ግድግዳዎች መከፈት አለበት፤ መካኒኮች የሚወዱት የወለል ጉድጓድም በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ባይቆፈር ይመረጣል፤ ትነቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነውና። ነዳጁ ራሱ ከጋራዡ ውጭ ጥላ ባለው ቦታ ይቀመጥ። የእህሉም ጆንያ በእንጨት ርብራብ ላይ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይደርደር፤ በቀጥታ በሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ እህል ከሥር ይሻግታልና።

በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ከዲከረንስ ዛፍ የሚከሰለውን ከሰል የሚነግዱ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። አዲስ የወጣ ከሰል የጠፋ መስሎ ሳለ በጆንያው ውስጥ እንደ ገና ሊቀጣጠል ይችላል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በሜዳ አየር ካላገኘ በቀር በጣሪያ ሥር መግባት የለበትም።

የዘበኛው ነገር ሳይሸፋፈን ሊነገር ይገባል። የእንጅባራ ሌሊት ብርዱ ይታወቃል። ዘበኛው በሩን ዘግቶ፥ ከሰሉን በማንደጃ አቀጣጥሎ፥ በመኪናው አጠገብ ይተኛል። ጢሱ ስላለቀ ከሰሉ የማይጎዳ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛውንም ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድለዋል። በተዘጋ ቤት ሞተር አስነሥቶ ማሞቅም ያንኑ መርዝ ያወጣል። አንዳንድ ባለ ንብረቶች «ዘበኛ ከዕቃው ተለይቶ ካደረ ጥበቃው ምን ይረባል?» ይላሉ። ክርክሩ ከንቱ ነው፤ በጋዝ የደነዘዘ ሰው ሌባን አይከላከልም። ዕቃውን ለማዳን ሲባል የሰውን ሕይወት መያዣ ማድረግም ለማናቸውም ነጋዴ ክብር አይደለም።

መፍትሔው ከጋራዡ ጎን 2 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል የሆነች፥ በሯ ወደ ግቢው የሚከፈት፥ መስኮት ያላት ክፍል መሥራት ነው፤ ከሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ጋር። ማንደጃው ሰው ከመተኛቱ በፊት ወደ ውጭ ይወጣል። በጋራዡና በክፍሏ መካከል ያለው ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ወጥቶ በሁለቱም ወገን መለሰን አለበት፤ ብዙ ጊዜ ከላይ የሚተወው ክፍተት የመኪናውን ጢስ የሚያሳልፍ ነውና። ይህም ነገር ከግንበኛው ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ በጽሑፍ ይግባ፤ በቃል ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ግንበኛው ግድግዳውን በበሩ ቁመት ላይ አቁሞ ሒሳቡን ይጠይቃል።