ሁለት መብራቶች ሲገናኙ በመካከላቸው ያለው እግረኛ አይታይም

በአገራችን ጀምበር ክረምት ከበጋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች። ድንግዝግዙም አጭር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ምድሩ ይጨልማል። ከገበያ የሚመለሰው አርሶ አደር አህዮቹን እየነዳ፣ ባለጋሪው የመጨረሻ ጭነቱን ይዞ፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪው ወደ ቤቱ እያቀና፣ እህል የጫነው አይሱዙም ሌሊቱን ከተማ ለመግባት እየገሰገሰ በአንድ ጠባብ አስፋልት ላይ የሚገናኙት በዚህ ሰዓት ነው። አብዛኛው የገጠር መንገዳችን የመንገድ መብራት የለውም። ያለው ብርሃን ተሽከርካሪው ይዞት የሚመጣው ብቻ ነው፤ ያም ብርሃን ከዓመት ዓመት እየበረታ ሄዷል።

ስለሚያጥበረብር መብራት ሲነሳ በአብዛኛው የምንሰማው የአሽከርካሪዎችን እሮሮ ነው። እሮሮው እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ዓይኑ ለጥቂት ሰከንዶች የተያዘበት ሾፌር በብረት ተከልሎ ተቀምጧል። የእነዚያን ሰከንዶች ዋጋ የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ በመንገዱ ዳር በእግሩ የሚሄደው ነው። በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት መካከል እግረኞች ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። በእግረኛው ዘንድ ደግሞ ሥር የሰደደ አንድ ግምት አለ፤ መብራቱ እኔ ላይ ካረፈ ሾፌሩ አይቶኛል የሚል።

ግምቱ ከየት እንደሚመጣ መረዳት አይከብድም። ከሩቅ የሚመጣ መኪና ሲያበራብን እጃችንን፣ ልብሳችንን፣ የምንረግጠውን ጠጠር ሳይቀር እናያለን። ሾፌሩም እንዲሁ አጥርቶ የሚያየን ይመስለናል። በተግባር ግን አጭሩ መብራት ጥቁር ወይም ቡናማ የለበሰን ሰው ለይቶ የሚያሳየው ከ30 እስከ 50 ሜትር ግድም ሲቀር ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ አይቶ፣ ወስኖ፣ ፍሬን ረግጦ እስኪቆም በደረቅ አስፋልት እንኳ ከ60 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ሒሳቡ ገና ሌላ መኪና ሳይመጣ አይገጥምም ማለት ነው።

ከፊት ለፊት ሌላ መኪና ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ብርቱ ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ በውስጡ ይበተንና እንደ ጉም ሆኖ በዙሪያው ያለውን ደብዛዛ ነገር ሁሉ ይሸፍናል። በሁለቱ መኪኖች መካከል በመንገድ ዳር የሚሄደው ሰው ከሁለቱም አቅጣጫ ብርሃን እየፈሰሰበት፣ እርሱም ከመቼውም በላይ የታየ እየመሰለው፣ ከሾፌሮቹ ዓይን ይሰወራል። መኪኖቹ ከተላለፉ በኋላም ዓይን ጨለማውን መልሶ እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል። አምስት ሰከንድ ብቻ ቢሆን፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚጓዘው መኪና ከ110 ሜትር የሚበልጥ የጭፍን ጉዞ ነው።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። የዓይን ሌንስ እያረጀ ሲሄድ ብርሃንን ይበልጥ ይበትናል፤ ከመጥበርበር በኋላ ማገገሙም ይዘገያል። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚ ምክንያት የሆነው የዓይን ሞራ ሲጀምር ከሚሰጣቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው የሌሊት መብራት አላስችል ማለቱ ነው። ሌሊት መንዳት ከበፊቱ የከበደው አሽከርካሪ የመጪውን መኪና አምፖል ከመርገሙ በፊት ዓይኑን ቢመረመር አይከፋም። ዳፍንት ደግሞ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከቫይታሚን ኤ እጥረት ይመጣል። በግብርና ኮሌጅ ስለ ብርቱካናማው ስኳር ድንች፣ ስለ ካሮትና ስለ ጎመን አዘውትሮ የሚነገረን አንዱም በዚህ ምክንያት ነበር።

መብራቱ ለምን በረታ? አንዱ መልስ ከአምፖል መሸጫዎች ይገኛል። የቆየው የፊት መብራት ባለ ክር አምፖል እንዲገባበት ተደርጎ የተሠራ ነው። ከኋላው ያለው ጎድጓዳ መስታወት ብርሃኑን ወደ መሬት የሚመልሰው ክሩ በሚሊ ሜትር ተለክቶ በተወሰነ ቦታ ላይ ሲሆን ነው። በዚያው ጎድጓዳ ውስጥ ነጭና ብርቱ የኤል ኢ ዲ ወይም የዜኖን አምፖል ሲከተትበት የብርሃኑ መነሻ ቦታ ስለሚለወጥ ጨረሩ ወደ ላይና ወደ ጎን ይረጫል። ባለንብረቱ በአፍንጫው ሥር ያለው አስፋልት ስለነጣለት የተሻለ ያየ ይመስለዋል፤ በሩቅ የሚያየው ግን የግድ አይጨምርም። በአንጻሩ ከፋብሪካ ጀምሮ ለኤል ኢ ዲ የተሠራ መብራት ብርሃኑ የት ላይ መቆረጥ እንዳለበት የተለካ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በብዛት የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች መብራታቸው ነጭና ብርቱ ቢሆንም፣ ከእነርሱ ይልቅ አምፖሉ በየመንደሩ የተቀየረለት አሮጌ መኪናና በግንባሩ ላይ ፓውዛ የደረደረው የጭነት መኪና የሚያሰጉ ይመስለኛል።

ሌላው ምክንያት ጭነት ነው፤ ይህኛው እኛን የገጠሩን ሰዎች በቀጥታ ይመለከታል። አይሱዙው ከኋላው ከልክ በላይ ጤፍና በቆሎ ሲጫንበት ባሌስትራው ይተኛል፣ አፍንጫው ሽቅብ ይላል። ሾፌሩ ሕጉን አክብሮ አጭሩን መብራት ቢያበራም ጨረሩ የመጪውን ሰው ዓይን ያገኛል። በብዙ መኪኖች ላይ መብራቱን እንደ ጭነቱ ዝቅ የሚያደርግ ከዜሮ እስከ ሦስት ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ መዘውር ከመሪው አጠገብ አለ። ብዙ ሾፌር ግን አይነካውም። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖችም አሉ። በግራ መስመር ለሚነዳበት አገር የተሠራው የፊት መብራታቸው አብሮ ካልተቀየረ፣ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ ከፍ ተደርጎ የተሠራው ጨረር እኛ ዘንድ የሚያርፈው በመጪው መኪና ላይ ነው።

መብራቱ ተስተካክሎ እንኳ መልክዓ ምድሩ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣው የዓባይ በረሃ መንገድ፣ ከላይ የሚወርደው መኪና በየጠመዝማዛው መብራቱን ከታች በሚወጣው ላይ ያፈሳል፤ አጭሩም ቢሆን። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ማብራት ደግሞ ራስን ማሳወር ነው፤ ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ሾፌሩ ዓይን ነው። በእነዚህ ቦታዎች ከፍጥነት መቀነስ የተሻለ መላ የለም።

በሜዳውም ላይ ቢሆን አሽከርካሪው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት እግሩን ከነዳጅ ላይ ማንሳት ነው። ዓይኑን ወደ ቀኝ የመንገዱ ጠርዝ፣ መስመር ካለም ወደ ነጩ መስመር ማሳረፍ ይኖርበታል፤ ወደ መብራቱ ማፍጠጥ መጥበርበሩን ያረዝመዋል። ረጅም መብራት ላልቀነሰ ሰው በረጅም መብራት መመለስ በሾፌሮች ዘንድ እንደ ክብር ጉዳይ የሚታይ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ አንድ የነበረው የማያይ ሾፌር ሁለት መሆኑ ነው። የመኪናው መስታወት ከውጭ ቢታጠብም በውስጥ በኩል የሚጋገረው አቧራ ይረሳል፤ የሚያጥበረብረውን ብርሃን በሙሉ መስታወቱ ላይ የሚያሰፋውም እርሱ ነው። በየመንገዱ ለሌሊት ተብለው የሚሸጡት ቢጫ መነጽሮች ዓይን የሚያሳርፉ ቢመስሉም፣ ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ስለሚቀንሱ ጨለማ ውስጥ ያለውን ሰው ይበልጥ ያርቁታል እንጂ አያቀርቡትም።

እግረኛው በበኩሉ መብራቱን አለማመን ይጠቅመዋል። ግራውን ይዞ ፊት ለፊት የሚመጣውን እያየ ቢሄድ፣ ሁለት መኪኖች ሊተላለፉ ሲቃረቡም ከአስፋልቱ ወርዶ ቆም ቢል ከአደገኛዎቹ ሰከንዶች ያመልጣል። ንጹሕ ነጭ ጋቢ ከጠቆረ ብርድ ልብስ ይልቅ በጣም ቀደም ብሎ ይታያል። የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ያለው ሰው ወደ መሬት አድርጎ ቢያወዛውዘው ይታያል፤ ወደ ሾፌሩ ዓይን ከደገነው ግን ሌላ መጥበርበር ጨመረ ማለት ነው። ከብት የሚነዳ ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ የበሬና የአህያ ዓይን በመብራት የሚያበራው ፊታቸው ወደ መኪናው ሲዞር ብቻ ነው። ጀርባቸውን ሰጥተው ሲሄዱ ከጨለማው የሚለያቸው የለም። ስለዚህ ነጂው ከመንጋው ፊት ሳይሆን ከኋላ ሆኖ መታየት አለበት።

ስለተበላሸ መኪናም ሳይነሳ አይታለፍም። ሾፌሩ በመንገዱ ላይ ድንጋይና ቅጠል ደርድሮ ያስጠነቅቃል፤ ሲጠገንለት መኪናውን ይዞ ይሄዳል፣ ድንጋዩ እዚያው ያድራል። የሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ከመብራት ጋር ከሩቅ ይጣራል፣ ድንጋይ ግን ዓይኑ ለተያዘ ሾፌር ምንም አይለውም።

ተሽከርካሪዎች ለቦሎ በየዓመቱ ሲመረመሩ የፊት መብራት አብሮ ይታያል፤ ምርመራው ግን የአንድ ቀን ነው፣ አምፖሉን በማግስቱ መቀየር ይቻላል፣ መኪናውም የሚፈተሸው ጭነት ሳይኖረው ነው። ለዚህም ነው ቁጥጥሩ በምሽት፣ እህል በሚጫንበት ወቅት፣ በከተሞች መውጫ ላይ መካሄድ ያለበት። ባለንብረቱ ራሱም ቢሆን የተጫነ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር አርቆ አቁሞ አጭሩን መብራት ቢያበራ ሊለካው ይችላል፤ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከአምፖሉ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ግድም ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። ጋሪ ደግሞ ቦሎ የለውም፣ ጠያቂም የለውም። ከኋላው አንጸባራቂ ወረቀት መለጠፉን የሚያይ አካል ከተፈለገ ቀበሌውና የባለጋሪዎች ማኅበር ናቸው፤ ሥራውም በገበያ ቀን ጋሪዎቹ አንድ ላይ በሚቆሙበት ሜዳ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ነው።