በኮታ የታደለ ስንፍና

በትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው የሠራተኛ ምዘና ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ የሚሰናበተው ሰው ብዛት ይወሰናል፤ ቀጥሎ የሚሰናበትበት ምክንያት ይፈለጋል። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ይህንን ቅደም ተከተል ሳያፍር በይፋ ተከትሏል። መሥራቹና ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማርክ ዙከርበርግ ለሠራተኞች በላከው ማስታወሻ የአፈጻጸም መለኪያውን ከፍ እንደሚያደርግና ደካማ ሠራተኞችን ከወትሮው ፈጥኖ እንደሚያሰናብት ገለጸ። የሚሰናበቱት ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል እንደሚሆኑም ታወቀ። ኩባንያው ወደ 72 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ ስለነበረው፣ ስሌቱ 3,600 ሰው ገደማ ይሆናል።

የዓመቱ ምዘና ግን ገና በመካሄድ ላይ ነበር። ፈተናው ሳይታረም የወዳቂዎቹን ቁጥር ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ ርዕሰ መምህር ቢገኝ ወላጆች አቤት ሳይሉ አያድሩም። እዚህ ግን ያው ድርጊት የአመራር ቆራጥነት ተብሎ ተወደሰ፤ ሌሎች ኩባንያዎችም እንዲከተሉት ተመከሩ።

5 በመቶ ከየት መጣ? ከኩባንያው ሾልኮ የወጣው ስሌት እጅግ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 «ቢሄዱም አያስቆጩም» ከሚባሉት ወገን 5 በመቶ ያህል ሠራተኛ ለቋል፤ የተፈለገው ግብ 10 በመቶ ነው፤ ስለዚህ 5 ይቀራል። ይህ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው የመቀነስ ሒሳብ ነው። በውስጡ ስለ አንድም ሰው ሥራ የተነገረ ነገር የለም። የትኛው መሐንዲስ ኮዱን አበላሸ፣ የትኛዋ ባለሙያ ቀጠሮዋን አፈረሰች፣ የትኛው ክፍል ተኛ የሚሉት ጥያቄዎች ከቁጥሩ በፊት አልተነሡም። ደካማነት ተፈልጎ የሚገኝ ነገር መሆኑ ቀርቶ እንደ ስኳር በኮታ የሚታደል ሆኗል።

ኮታው ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ከ10 ሰው ቡድን 5 በመቶው ግማሽ ሰው ነው። ግማሽ ሰው ማሰናበት ስለማይቻል ቡድኖች ይደመራሉ፤ የየቡድኑ አለቆች በአንድ ስብሰባ ይቀመጡና በመቶ የሚቆጠር ሰው እርስ በርስ ያወዳድራሉ። በዚህ ስብሰባ ላይ አንድ አለቃ ስለ አብዛኞቹ ሰዎች የሚያውቀው ስማቸውን ብቻ ነው። የማስታወቂያ ሥርዓት የሚሠራውን የአየርላንድ መሐንዲስ ዋትስአፕ ላይ ከምትሠራው የካሊፎርኒያ መሐንዲስ ጋር የሚያመዛዝን ሚዛን ስለሌለ፣ የሚመዘነው የአለቃው ምላስ ይሆናል። ተከራካሪ አለቃ ያለው ይተርፋል፤ አለቃው በቅርቡ የተቀየረበት፣ ዓመቱን ሙሉ ማንም የማያየውን ጥገና ሲሠራ የከረመ፣ ወይም በወሊድ ፈቃድ ላይ የቆየች ሠራተኛ ስሟ ሲጠራ ክፍሉ ዝም ይላል። ዝምታው ውጤት ሆኖ ይመዘገባል።

አሠራሩ ሜታ የፈጠረው አይደለም። ስሙን የተከለው እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2001 የጀነራል ኤሌክትሪክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ጃክ ዌልች ነው። ዌልች ሠራተኛውን 20 በመቶ ምርጥ፣ 70 በመቶ መካከለኛ፣ 10 በመቶ ደግሞ መሰናበት ያለበት ብሎ ከፈለው፤ የአክሲዮኑ ዋጋ በዘመኑ እየናረ ስለሄደም የንግድ ትምህርት ቤቶች ክፍፍሉን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ያስተምሩት ጀመር። የአክሲዮኑ ዋጋ ከወረደ በኋላ ያንን ትምህርት ለማረም የቸኮለ አልታየም። ጀነራል ኤሌክትሪክ ራሱ ዌልች ከለቀቀ በኋላ አስገዳጅ ክፍፍሉን ትቶታል፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2024 ለሦስት ተከፍሎ አልቋል። የውድቀቱ ምክንያት ምዘናው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ለስኬቱ ምስጋናው ሁሉ ለምዘናው የተሰጠው ግን በምን ማስረጃ እንደነበር መጠየቅ ይቻላል።

ከተከታዮቹ መካከል የኃይል ንግድ ኩባንያው ኤንሮን ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ጄፍ ስኪሊንግ ሠራተኛውን በኮሚቴ እያስመዘነ ከታች ያሉትን 15 በመቶ እንዲሰናበቱ ያደርግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2001 ኩባንያው ሲከስር በሒሳብ ማጭበርበር የሚጠየቁት ከላይ ያሉት ሆነው ተገኙ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2000 ጀመረው፤ በዕድሜ የገፉ ሠራተኞች በፍርድ ቤት ከሰሱት፤ በዓመቱ አሠራሩን ጥሎ ጉዳዩን በ10.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘጋው።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው የማይክሮሶፍት ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ሜታ ያለበት ዘርፍ ራሱ ነው፤ ታሪኩም ሩቅ አይደለም። ጋዜጠኛው ከርት አይከንዋልድ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 በቫኒቲ ፌር መጽሔት ላይ ኩባንያው ከመሪነት ወደ ተከታይነት እንዴት እንደወረደ ጽፎ ነበር። ያነጋገራቸው የማይክሮሶፍት ሠራተኞች፣ ያሉትም የለቀቁትም፣ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደረሰ ብለው የጠቀሱት ይህንኑ ምዘና ነው። 10 ሰው ያለው ቡድን ውስጥ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር ሁለቱ በጣም ጥሩ፣ ሰባቱ ደህና፣ አንዱ መጥፎ መባል ነበረባቸው። የተከተለውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ጎበዙ መሐንዲስ ከጎበዝ ጋር መመደብ አቆመ፤ ምክንያቱም ከጎበዞች መካከልም አንዱ መጥፎ መባሉ አይቀርም። ሠራተኛው የሚያውቀውን ለጎረቤቱ ማካፈል ትቶ የጎረቤቱን መሰናከል ይጠብቅ ጀመር። አለቆችም በፈንታቸው ደካማ የሚሉትን ሰው ማሰናበት አቆሙ፤ ለሚቀጥለው ዙር መሥዋዕት ያስፈልጋቸዋልና። ደካማውን ለማስወጣት የተሠራው ሥርዓት ደካማውን ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ ጎተራ ሆነ።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሊሳ ብሩመል በላከችው ማስታወሻ አስገዳጁን ክፍፍል ሰረዘ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሳትያ ናዴላ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ፤ ኩባንያው ዳግመኛ በዓለም ላይ ከፍተኛ ዋጋ ካላቸው አንዱ ለመሆን በቃ። ይህ ሁሉ የተጻፈና የተነገረ ነው። የሜታ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት በሜንሎ ፓርክ ማንበብ የሚከለክል ሕግ የለም።

የጉዳዩ ሥር ከዚህም በፊት ተመርምሯል። የስታቲስቲክስ ሊቁ ኤድዋርድስ ዴሚንግ በሴሚናሮቹ ላይ የቀይ ዶቃ ሙከራ የሚባል ትዕይንት ያሳይ ነበር። ነጭና ቀይ ዶቃ የተቀላቀለበት ሣጥን ይቀርባል፤ ከአምስቱ አንዱ ቀይ ነው። ፈቃደኞች «ሠራተኛ» ይሆኑና 50 ቀዳዳ ባለው መቅዘፊያ እየጠለቁ ዶቃ ያወጣሉ። ቀይ ዶቃ ጉድለት ነው ይባላል። ዴሚንግ አለቃ ሆኖ ጥቂት ቀይ ያወጣውን ያሞግሳል፣ ብዙ ያወጣውን ይገሥጻል፤ በሚቀጥለው ዙር ግን የተሞገሰው ይወድቃል፣ የተገሠጸው ይሻሻላል። መጨረሻ ላይ ሦስቱን «ምርጦች» አስቀርቶ ሌሎቹን ያሰናብታል፤ ምርጦቹም እንደገና እንደማንኛውም ሰው ቀይ ይዘው ይወጣሉ። ሣጥኑን የሞላው አለቃው ነበር። ሠራተኛው በመቅዘፊያው ላይ ምንም ሥልጣን አልነበረውም። ዴሚንግ ዓመታዊ የሠራተኛ ምዘናን ከድርጅት ገዳይ በሽታዎች መካከል የቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህንን የጻፈበት መጽሐፍ ከወጣ አራት አሥርት ዓመታት ገደማ ሆኖታል።

አማዞን ቃሉን በማስዋብ ከሌሎች ይቀድማል። ሲያትል ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2021 እንደዘገበው ከቢሮ ሠራተኞቹ በየዓመቱ 6 በመቶው «በጸጸት የማይታዩ» ሆነው እንዲወጡ ግብ ተቀምጦ ነበር። የሚወጣው ሰው ገና ስም የለውም፤ የማይጸጸቱበት መሆኑ ግን ከወዲሁ በዕቅድ ተይዟል።

ሜታ ለተሰናባቾቹ ማሳወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2025 ነው። ከተሰናበቱት አንዳንዶቹ በዓመቱ አጋማሽ የተሰጣቸው ውጤት ከሚጠበቅባቸው በታች እንዳልነበረ በአደባባይ ተናገሩ። ጃክ ዌልች እንኳ ይህንን አይቀበልም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዎል ስትሪት ጆርናል ላይ በጻፈው መከላከያ የአሠራሩ መሠረት እያንዳንዱ ሠራተኛ የት እንደቆመ ቀድሞ ማወቁ ነው ሲል ተሟግቷል። ተማሪው ከመምህሩ ማሰናበቱን ብቻ መርጦ ወርሷል።

ይበልጥ የሚገርመው ካርታው ነው። በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በኔዘርላንድ ያሉ ሠራተኞች ቅነሳው እንደማይነካቸው ኩባንያው አስታውቋል፤ ምክንያቱም የአገሮቹ ሕግ ነው። እንግዲህ ደካማነት የሥራ ጉዳይ ከሆነ በፓሪስና በሚላኖ ከቶ የለም ማለት ነው። ሠራተኛን ያለ በቂ ምክንያት ማሰናበት በሕግ በሚያስጠይቅባቸው በእነዚህ አገሮች ኩባንያው ደካማ ማግኘት አልቻለም፤ ምክንያት በማይጠየቅበት አገር ግን በሺህ የሚቆጠር አገኘ። ቁጥሩ የሚለካው ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያጋልጥ ማስረጃ ከውጭ መፈለግ አያስፈልግም።

የዚህ ስያሜ ዋጋ ለሁሉም እኩል አይደለም። እንደ ማንኛውም የቅነሳ ዘመን «በጀት ጠበበ» ተብሎ የሚሰናበት ሰው ቀጣዩን ቀጣሪ ቀና ብሎ ያያል። የሜታ ተሰናባቾች ግን ደካማ መሆናቸውን የቀድሞ ቀጣሪያቸው ለዓለም ካወጀ በኋላ ነው ሥራ የሚፈልጉት። በኤችዋንቢ ቪዛ አሜሪካ የሚሠራ የውጭ ዜጋ፣ ሕንዳዊም ይሁን ኢትዮጵያዊ፣ ሥራው ከቆመ በኋላ አዲስ ቀጣሪ ለማግኘት ወይም ከአገር ለመውጣት ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። ቅነሳ ማለት ቢያሳፍር እንኳ ቅነሳ ብሎ መጥራት ይቻል ነበር። ሜታ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 11 ሺህ ሰው ሲያሰናብት ዙከርበርግ ብዙ መቅጠሩ የእሱ ስሕተት እንደሆነ ተናግሮ ኃላፊነቱን ወስዶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህ ልማድ ተቀየረ፤ ጥፋቱ ወደ ተሰናባቹ ተዛወረ። ቅነሳውን የሚያስገድድ ኪሳራም አልነበረም፤ ኩባንያው በ2024 ብቻ ከ62 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተጣራ ትርፍ አግኝቷል። የሚለቀቁትን ቦታዎችም በ2025 በአዲስ ሰው እንደሚሞላ ራሱ አስታውቋል።

ሥራውን የማይሠራ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ የቅርብ አለቃው ያውቀዋል፤ በማንኛውም ወር ጠርቶ ነግሮት፣ ጊዜ ሰጥቶት፣ ካልተሻሻለ ሊያሰናብተው ይችላል። ለዚህ ሥራ መቶኛ አያስፈልግም። መቶኛው የሚያስፈልገው አለቃው ይህንን ሥራውን ሳይሠራ ሲቀርና የበላዮቹም ሳያምኑት ሲቀሩ ነው።

መለኪያው ከፍ ከተባለ ደግሞ ከላይ ሲጀምር አልታየም። የኩባንያውን ስም እስከ መቀየር ያደረሰው የሜታቨርስ ሕልም የተጣለበት ሪያሊቲ ላብስ የተባለው ክፍል በ2024 ብቻ 17.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከስሯል። ይህንን ያህል ያከሰረ መሐንዲስ በሜታ ታሪክ አልተመዘገበም። ሕልሙ የማን እንደሆነ ግን የታወቀ ነው፤ ባለሕልሙ ደግሞ ከኩባንያው የድምፅ መብት ከግማሽ በላዩን ስለያዘ በየትኛውም ስብሰባ ላይ ስሙ ለምዘና አይቀርብም። ማስታወሻው ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በጆ ሮጋን ፖድካስት ላይ ቀርቦ ኩባንያዎች የወንድነት መንፈስ ጎድሏቸዋል ማለቱ ይታወሳል። የራስን ኪሳራ በሌላው ደካማነት መሸፈን የዚህ መንፈስ አካል ይሁን አይሁን አላብራራም።

ተሰናባቾቹ መታወቂያቸውን ባስረከቡበት በዚያው ወር ኩባንያው ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ባስገባው ሰነድ ከዙከርበርግ በስተቀር የከፍተኛ ሥራ አስፈጻሚዎቹ ዓመታዊ ቦነስ ግብ ከመሠረታዊ ደመወዛቸው 75 በመቶ ወደ 200 በመቶ ከፍ እንዳለ ገለጸ። በሜይ 2025 ደግሞ 150 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ቡድኖች አለቆች ከ15 እስከ 20 በመቶውን ከሚጠበቅበት በታች ብለው እንዲመድቡ መታዘዛቸው ተዘገበ፤ በቀደመው ዓመት የተጠየቁት ከ12 እስከ 15 በመቶ ነበር። ደካሞቹ በፌብሩዋሪ ከተሰናበቱ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ በወረቀቱ ላይ የደካማው ድርሻ ጨምሯል።