እድር ነው እንጂ እቁብ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ዋሽንግተን ውስጥ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጥግ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፣ በዕድሜ ታላቄ የሆኑ አንድ ወዳጄ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ፖስታ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «አንተ ጋዜጠኛ፣ ውጭ አገር ተምሯል ይሉሃል፤ እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አሉኝ። እንግሊዝኛው ቸግሯቸው አልነበረም። ያነበቡትን ማመን አቅቷቸው ነው እንጂ!

ደብዳቤው ከሶሻል ሴኩሪቲ የመጣ ነው። በየወሩ የሚከፈላቸውን ጡረታ ይገልጻል። ቁጥሩን እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ የአንዲት ጠባብ አፓርታማ ኪራይ እንደማይሸፍን ግን ልናገር። ጋሼ አገር ቤት 11 ዓመት አስተምረዋል፤ እዚህ ሁለት ዓመት ፓርኪንግ ሠርተው 26 ዓመት ታክሲ ነድተዋል። «ወገቤ እስኪጎብጥ ነድቼ ይቺ ናት ዋጋዬ?» አሉና ዝም አሉ። እኔም የምመልሰው አጣሁ።

ቀስ ብለን ስንጨዋወት ግን ነገሩ ተገለጠ። በየዓመቱ ታክስ የሚሠራላቸው ሰው ገቢያቸውን ዝቅ አድርጎ ይጽፍላቸው ኖሯል። የነዳጅ፣ የጎማ፣ የጥገናና የኢንሹራንስ ወጪን መቀነስ ሕጋዊ ነው፤ ማንም አይቃወምም። ከእሱ አልፎ በጥሬ ገንዘብ የተሰበሰበውን መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የዚያን ጊዜ «ጎበዝ ሰው አገኘሁ!» ተብሎ ተመስግኖ ነበር። ጋሼ ራሳቸው እንዳሉት፣ «ታክሱን የበላሁ መስሎኝ ጡረታዬን በላሁት።»

አንባቢ ሆይ፣ አትሳቅ። ይህ የጋሼ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ብዙዎቻችን ሶሻል ሴኩሪቲን እቁብ አድርገን እናየዋለን። የጣልኩትን ያህል ተራዬ ሲደርስ አወጣለሁ ብለን እናስባለን። እቁብ ግን አይደለም፤ እድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕጉን ሲፈርሙ የተተከለው ሐሳብ የሚሠራው ለማይሠራው እንዲያዋጣ ነው። ተቀጣሪ ከደመወዙ 6.2 ከመቶ ይከፍላል፤ አሠሪው ያንኑ ያህል ይጨምርለታል። የራሱን ሥራ የሚሠራ ባለታክሲ ግን ሁለቱንም ራሱ ይሸከማል። ሜዲኬር ሲታከልበት 15.3 ከመቶ ይሆናል። መደበቁ ያማለለንም ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህ እድር ፍትሐዊ ነው ወይ?

በአንድ በኩል ነው። ለድሃው ያደላል። የጡረታው ስሌት እ.ኤ.አ. በ2025 62 ዓመት ለሞላው ሰው ከወር አማካይ ገቢው የመጀመሪያዎቹን 1,226 ዶላር በ90 ከመቶ ያስባል፤ ከዚያ በላይ እስከ 7,391 ዶላር ላለው 32 ከመቶ፣ ከዚያም ለሚያልፈው 15 ከመቶ ብቻ ይሰጣል። ጥቂት ያገኘ ሰው ካዋጣው አንጻር የተሻለ ያገኛል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ግን እንደኛ ዘግይቶ ለመጣ ሰው ይከብዳል። አማካዩ የሚወሰደው ከ35 ዓመት ገቢ ነው። በ38 ዓመቱ መጥቶ 28 ዓመት የሠራ ሰው ሰባት ዜሮ ዓመታት ይደመሩበታል። የጋሼ 11 የማስተማር ዓመታትም ወዴት ገቡ? አሜሪካ ወደ 30 ከሚሆኑ አገሮች ጋር የሥራ ዘመን የሚያያይዝ ስምምነት አላት። ከእነዚህ ውስጥ አንድም የአፍሪካ አገር የለም! ጀርመን ወይም ኮሪያ ያስተማረ ሰው ሁለት አገር የሠራበትን ደምሮ ለጡረታ መብቃት ይችላል፤ ጎንደር ወይም ጅማ ያስተማረው ግን አይችልም።

ከሁሉ የሚገርመው ጣሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ይህ ግብር ይከፈል የነበረው እስከ 176,100 ዶላር ድረስ ባለው የሥራ ገቢ ላይ ብቻ ነበር። ሚሊዮን የሚከፈለው ሰው መጋቢት መጀመሪያ ላይ ለዓመቱ ከፍሎ ይጨርሳል። የሽማግሌ ቤት አልጋ የምታነጥፈው እህታችን ግን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ከእያንዳንዷ ዶላር ትከፍላለች። ባለጸጋዎቹ «ጡረታችንም ጣሪያ አለው፤ ለምን በላዩ እንከፍላለን?» ይላሉ። እቁብ ቢሆን ኖሮ እውነት ነበራቸው። እድር ውስጥ ግን ብዙ ያለው ብዙ ቢያዋጣ ነውር የለውም።

ጥገና እንደሚያስፈልግ ሁሉም ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ1960 ለአንድ ጡረተኛ አምስት ያህል ሠራተኛ ያዋጣ ነበር፤ ዛሬ ሦስት አይሞሉም። የፈንዱ ባለአደራዎች በ2025 ባወጡት ሪፖርት፣ ምንም ካልተደረገ የአረጋውያኑ መጠባበቂያ በ2033 ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በሚገባው ግብር መክፈል የሚቻለው 77 ከመቶውን ነው ብለዋል። «ሶሻል ሴኩሪቲ ሊጠፋ ነው፣ ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው የቡና ቤት ወሬ ስለዚህ ስሕተት ነው። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

አንዳንዶች መፍትሔው የጡረታ ዕድሜን መጨመር ነው ይላሉ። በ1983 የወጣው ሕግ ከ65 ወደ 67 ቀስ በቀስ ከፍ አድርጎታል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚሠራ ጠበቃ ሁለት ዓመት መጨመር ምንም አይደለም። በሽተኛ የምታነሣ፣ ሻንጣ የሚሸከም ሰው ግን ጉልበቱ በ62 ያልቅና ቀድሞ ይወጣል፤ ሙሉ ጡረታው በ67 ለሆነ ሰው ደግሞ ያ ማለት 30 ከመቶውን ለዕድሜ ልክ ማጣት ነው። የድካሙን ዋጋ የደከመው ይክፈል ማለት ምን ዓይነት ጥገና ነው? የእኔ ድምፅ ጣሪያውን ከፍ ከሚያደርጉት ጋር ነው። ዜግነት ያለን ሰዎች ድምፃችንን በዚህ ጉዳይ ላይም መጠየቅ አለብን። የአገራችን ፖለቲካ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እንከራከራለን፤ የምንገብርበትን አገር ጡረታ ግን ጠይቀን አናውቅም።

ሌላው እስኪስተካከል ግን በእጃችን ያለውን እናድርግ። ለጡረታ ለመብቃት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በ2025 አራቱን የዓመቱን ክሬዲት ለማግኘት 7,240 ዶላር ማስመዝገብ ይበቃ ነበር። የሜዲኬር የሆስፒታል ክፍልን ያለ ወርኃዊ ክፍያ የምናገኘውም በዚሁ ነው። የገቢ መዝገብህን ዛሬውኑ ተመልከት፤ የተዘለለ ዓመት ካለ ብዙውን ጊዜ ማረም የሚቻለው በሦስት ዓመት ከሦስት ወር ከ15 ቀን ውስጥ ነው። ልጅ ስታሳድግ የኖርሽ እህቴ ሆይ፣ አንቺም በባልሽ መዝገብ እስከ ግማሽ ድረስ መብት አለሽ። ብትፋቱ እንኳ ጋብቻው 10 ዓመት ከሞላና ሌላ ካላገባሽ መብትሽ አይጠፋም። እሱን ማስፈቀድም አይጠበቅብሽም!

ጋሼ ፖስታቸውን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ። ልጃቸው እንደሳቸው በመኪናው ሰው እያመላለሰ ይኖራል። «ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ» አሉ፤ «ታክሱን ማን እንደሚሠራለት እጠይቀዋለሁ።» የቡናውን ሒሳብ ልከፍል ስል እጄን ያዙኝ። «ተው፣ ገና ጡረተኛ ነኝ እንጂ ለማኝ አልሆንኩም» ብለው ከፈሉ።

ሳምንት በቸር ያገናኘን።