ሮቦት ለሐራ ልጅ ቅንጦት ነውን?

ሮቦት የሚሠራ የተማሪዎች ቡድን በሐራ ትምህርት ቤቶች ይቋቋም ብንል አንዳንድ ወንድሞቻችን «ወንበር በጐደለበት የምን ሮቦት ነው?» ሲሉ ሳቁብን። ሳቁ መሠረት የለውም አንልም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም አልተረፈ። ዳሩ ግን ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል የተቀየሰው የኤሌክትሪክ ባቡር መድረሻው ሐራ ገበያ ነው። ሥራው ተፈጽሞ ባቡሩ የደረሰ ዕለት ሞተሩንና ምልክቱን የሚጠግነው ማን ነው? የሐራ ልጅ የሐዲድ ዘበኛ ብቻ ይሁን?

በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጐበኘችው ሮቦት ሶፊያ ከፊል ፕሮግራሟ የተጻፈው እዚያው በአይኮግ ላብስ ወጣቶች ነው። (ዕቃዋ ፍራንክፈርት ላይ መጥፋቱን ስንሰማ ግን እኛም ስቀናል።)

የሚያሰጋን ሌላ ነው። ውድ ሣጥን ይመጣል፤ እንዳይሰበር ይቆለፍበታል፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይወጣል። ስለዚህ ከተሰበረ ቴፕ በወጣ ሞተር፣ በባትሪና በሽቦ ይጀመር፤ ልጆቹ ይፍቱ፣ ያበላሹ፣ መልሰው ይግጠሙ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ዓመት ሙሉ በጠቅላይ ግዛት ያስተምር ነበር። እኛ በክረምት ሁለት ሳምንት ሄደን ፎቶግራፍ ተነሥተን ብንመለስ ምን ዋጋ አለው? መምህራኖቻችን አንድ ሙሉ መንፈቅ እንደ ትምህርት ይቁጠሩልን፤ እዚያ ያለውንም የፊዚክስ መምህር አብረን እናሠልጥን፤ እኛ ስንመለስ ቡድኑን የሚይዘው እርሱ ነውና።