የሰው ወርቅ በጋዜጣ ገጽ

በጋዜጣ ዘገባ አናት ላይ የሚሰፍረው የጸሐፊ ስም ጌጥ አይደለም፤ ምስክርነት ነው። ያየው፣ የሰማው፣ ስህተት ቢገኝም የሚጠየቀው ማን እንደሆነ የሚያሳውቅ ፊርማ ነው። አንባቢ ያልረገጠውን አገርና ያልገባበትን ቤት በዚያ ስም አምኖ ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ዘጋቢ የባልንጀራውን ድካም አንስቶ በራሱ ስም ሲያሳትም በደሉ በባልንጀራው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ያላየውን አይቻለሁ ብሎ በሕዝብ ፊት መስክሯልና። በጋዜጠኝነት ውስጥ የጽሑፍ ስርቆት ከስርቆትም አልፎ የሐሰት ምስክርነት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ከሚጠቀሱት ጉዳዮች ጎልቶ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የተጋለጠው ነው። ኤፕሪል 18 ቀን «ሳን አንቶኒዮ ኤክስፕረስ ኒውስ» የተባለው የቴክሳስ ጋዜጣ፣ ኢራቅ ውስጥ የደረሰበት ስላልታወቀ ወታደር እናት የሚተርክ ዘገባ አወጣ። ዘጋቢዋ ማካሬና ኸርናንዴዝ ወደ እናቲቱ ቤት ሄዳ፣ ጭንቀታቸውን ሰምታ፣ ልጁ የገዛላቸውን ዕቃ ሳይቀር በዓይኗ አይታ የጻፈችው ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ ያው ቤት፣ እኒያው እናትና ያው ዕቃ በ«ኒውዮርክ ታይምስ» ገጽ ላይ ታዩ። ጸሐፊው ጄይሰን ብሌር ይባላል። ከኸርናንዴዝ ጋር እንግዳ አልነበሩም፤ ከዓመታት በፊት በዚያው ጋዜጣ በተለማማጅነት አብረው ሠርተዋል።

ኸርናንዴዝ የራሷን ቃላት በሌላ ሰው ስም ስታነብ አላጣቻቸውም። የጋዜጣዋ ዋና አዘጋጅ ሮበርት ሪቫርድ ለታላቁ ጋዜጣ ኃላፊዎች ጻፉ። ብሌር በእርግጥ ቴክሳስ ሄዶ እንደነበር እንዲያስረዳ ሲጠየቅ ማስረዳት አልቻለም፤ ሜይ 1 ቀን ሥራውን ለቀቀ። ጋዜጣው ግን ነገሩን በስንብት ደብዳቤ ሸፍኖ አላለፈም። የገዛ ቤቱን መርምሮ ሜይ 11 ቀን ከሰባት ሺህ ቃላት በላይ የሆነ ዝርዝር ከፊት ገጹ ጀምሮ አተመ። ብሌር ከኦክቶበር 2002 ወዲህ ከጻፋቸው 73 ዘገባዎች መካከል ቢያንስ በ36ቱ ላይ ችግር ተገኝቷል። ከሌሎች የተገለበጠ፣ ማንም ያልተናገረው ቃል፣ ኒውዮርክ ተቀምጦ ከሩቅ ከተማ እንደተላከ የተደረገ ወሬ ሁሉ ነበረበት። ጁን 5 ቀን ዋና አዘጋጁ ሃውል ሬይንስና ምክትላቸው ጄራልድ ቦይድም ከሥልጣናቸው ወረዱ።

ከዚያ ምርመራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የአንድ ቤተሰብ ዝምታ ነው። ብሌር በኢራቅ ተማርካ የነበረችውን የጄሲካ ሊንችን ወላጆች ቤት ሲገልጽ፣ ከበረንዳው የትምባሆ እርሻና የከብት ግጦሽ እንደሚታይ ጽፎ ነበር። ከዚያ በረንዳ ግን እርሻም ግጦሽም አይታይም። ቤተሰቡ ይህን አንብቦ ሳቀበት እንጂ ለጋዜጣው አልደወለም። የሐሰት ምስክር ዕድሜ የሚረዝመው እንዲህ ነው፤ በራሱ ብልጠት ብቻ ሳይሆን እውነቱን የሚያውቁ ሰዎች «ምን ይፈይዳል» ብለው በሚያልፉት ነገር ጭምር ነው።

ይህ ጉዳይ ለሙስሊሙ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የኢስላም ዑለማ ንግግርን ወደ ባለቤቱ መመለስን የዕውቀት አማና አድርገው ያዩታል። ኢማም አል-ቁርጡቢ በተፍሲራቸው መግቢያ ላይ፣ እያንዳንዱን ንግግር ወደ ተናጋሪው ሊያስጠጉ በራሳቸው ላይ ግዴታ ጥለዋል። በ1505 ያረፉት ኢማም አስ-ሱዩጢም ደራሲንና ሌባን የሚለይ ድርሳን ጽፈዋል። የታሪክ መዛግብት እንደሚያወሱት፣ አል-ቀስጠላኒ ከመጽሐፎቻቸው ወስደው ምንጩን ሳይጠቅሱ ቀርተዋል ብለው ከሰዋቸው ነበር። ማስረጃቸውም አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ አል-ቀስጠላኒ ከአል-በይሀቂ ጠቅሰው ነበርና፣ ከብዙዎቹ የአል-በይሀቂ መጻሕፍት ከየትኛው እንዳገኙት ይንገሩን አሉ። መልስ አልተገኘም። በኋላ አል-ቀስጠላኒ ይቅርታ ሊጠይቁ በባዶ እግራቸው እስከ አስ-ሱዩጢ ደጃፍ ሄዱ ይባላል። በካይሮ የቀረበው «የትኛው መጽሐፍ?» እና በኒውዮርክ የቀረበው «የትኛው ቤት?» አንድ ጥያቄ ናቸው። የአል-ቀስጠላኒ የቡኻሪ ማብራሪያም እስከ ዛሬ በክብር ይነበባል፤ ጥፋትን አምኖ ደጅ መጥናት ሰውን አያሳንስም።

የሐዲስ ምሁራን ያስተማሩት ሌላም ቁም ነገር አለ። አንድ ወሬ በአሥር መንገድ ቢመጣና መንገዶቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ዘንድ ቢገናኙ፣ ወሬው ያው የአንድ ሰው ወሬ ነው። የጋዜጣ ቅጂ ይህን ሚዛን ያዛባል። አንድ የአካባቢ ጋዜጣ የጻፈውን አምስት ሌሎች ምንጩን ሳይጠቅሱ ሲደግሙት፣ አንባቢ ስድስት ምስክር ያገኘ ይመስለዋል። የመጀመሪያው ተሳስቶ ከሆነ ስህተቱ በስድስት አፍ ይመሰከርለታል፤ እርማት ሲወጣም አምስቱ ዘንድ አይደርስም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖረው አማርኛ አንባቢ ነገሩ ከእንጀራው ጋር የተያያዘ ነው። ስለ ኢቃማ፣ ስለ ምሕረት ጊዜና ስለ ሠራተኛ ሕግ የሚያነበው ዜና ብዙውን ጊዜ ከአረብኛ ወይም ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው። መተርጎም የተከበረ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ምንጭን ከመጥቀስ ነጻ አያወጣም። እንዲያውም በትርጉም የተሸሸገ ቅጂ ከሌላው ይልቅ ለማወቅ ይከብዳል፤ ቃላቱ ተለውጠዋልና ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ለሁሉም አይቻልም። ተርጓሚው አንዲት ቀን ቢያዛባ፣ ያችን ቀን አምኖ ሻንጣውን የሚያስር ወይም የሚፈታ ሠራተኛ አለ። የመጀመሪያው ጋዜጣ ስም ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አረብኛ የሚያነብ ጎረቤቱን ለምኖ ባመሳከረ ነበር። ስሙ ሲፋቅ የተዘጋበት ይህ በር ነው።

አንዳንዶች «ዜና ባለቤት የለውም» ብለው ይከራከራሉ። ከፊሉ እውነት ነው። የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ሥራዎችን የሚጠብቀው የ1886ቱ የበርን ስምምነት የዕለት ዜናን ፍሬ ነገር ከጥበቃው ውጪ ያደርጋል። ዝናብ መዝነቡ የማንም ንብረት አይደለም። ነገር ግን በዝናብ ውስጥ ቆሞ ያየው ሰው የጻፈው ቃል የራሱ ነው። ሕግ ያልደረሰበትንም አማና ይደርስበታል።

ማጋለጥም የራሱ ወግ አለው። ከዜና አገልግሎት በውል የተወሰደ ጽሑፍ በብዙ ጋዜጦች ላይ አንድ ሆኖ ቢገኝ ስርቆት አይደለም። ሁለት ዘጋቢዎች በአንድ ስብሰባ ተገኝተው አንድ ንግግር ቢጠቅሱም ስርቆት አይደለም። ከሳሽ ሁለቱን ጽሑፎች ከነቀናቸው ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ተከሳሽም መልስ የሚሰጥበት ዕድል ይኑረው። ያልተጣራ ክስ የሰውን ስም መስረቅ ነውና ከተወገዘው ነገር አይሻልም። ጥፋቱ ሲረጋገጥ ደግሞ ጋዜጣው ስህተቱን ባተመበት ገጽ እርማቱን ያትም፤ የተነጠቀውን ዘጋቢም በስሙ ይጥራ።

አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። የአካባቢ ዘጋቢ ደመወዙ ትንሽ፣ መንገዱ አቧራ፣ ስሙም ከከተማው የማይዘልቅ ሊሆን ይችላል። ያለው ሀብት በቦታው መገኘቱ ብቻ ነው። «ይህን ያየው እገሌ ነው» ብሎ መጻፍ ከግማሽ መስመር አይበልጥም፤ ያቺ ግማሽ መስመር ግን ለእርሱ ደመወዙ፣ ለአንባቢም የእውነት መንገዱ ናት።