የማን ሳሎን ነው?

በጂዛን፣ በአቡ ዓሪሽ፣ በሳምጣና በድንበሩ ተራሮች ሥር የምትኖሩ ሁሉ፤

«ስልክህን ወርውር፣ ነፍስህን አድን» የሚል ስብከት ዛሬ በየቦታው ይሰማል። እንዲህ የሚሉት በራቸውን ከፍተው ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት የሚችሉ ሰዎች ናቸው። በሰው ቤት ለምታገለግልና ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ከደጅ ለማትወጣ እኅታችን ስልኩ መስኮቷ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር ቅዳሴ የምትሰማው በእርሱ ነው። ስልኳን የሚነጥቃት አሠሪ ይበድላታል፤ ጣዪው የሚላት ሰባኪም ኑሮዋን አላወቀም።

መሣሪያው ምስክር መሆኑንም አንርሳ። ሂውማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ከየመን ሲሻገሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ድርጅቱ ከመረመራቸው ማስረጃዎች መካከል በማኅበራዊ መገናኛ የተለቀቁትን ጨምሮ ከ350 በላይ ቪዲዮዎችና ፎቶግራፎች ነበሩ።

ታዲያ ያው ስልክ በአሠሪያችሁ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ፣ በአሠሪያችሁም መኪና ተደግፋችሁ የተነሣችሁትን ምስል ወደ ቲክቶክ ሲልክ ምን እየሠራ ነው? ደላላው አንድ ብር ሳያወጣ ማስታወቂያ አገኘ። ወለሉን ተንበርክካችሁ እንደ ወለወላችሁት ምስሉ አይናገርም። በኢሮብ ወይም በወሎ ያለው ታናሽ ወንድማችሁ ያንን አይቶ ወደ ኦቦክ ይነሣል፤ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ ሰዓዳ፣ ከዚያ ይህ ድንበር ይጠብቀዋል። በመንገድ አጋቾች ሲይዙት የሚደወለው ለእናንተ ነው። ጩኸቱ በኢሞ ይደርሳችኋል፤ ለቤት መሥሪያ ያጠራቀማችሁት ደመወዝም ለማስለቀቂያ ይሄዳል።

«ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ብዬ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እናትን ለማጽናናት «ደኅና ነኝ፣ ድምፅሽን ስሰማ በረታሁ» ማለት ይበቃል። የሰው ሳሎን ለምን አስፈለገ?

ስለ ሌሊቱም ልናገር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥ ነበር። አሠሪው ከዕረፍታችሁ ላይ እንደሚሸራርፍ አውቃለሁ። የተረፈውን ግን ለማን ትሰጡታላችሁ? ላይቭ ገብተው በዘርና በሃይማኖት ለሚሰዳደቡ ሰዎች! ለእነርሱም ጽጌረዳና አንበሳ እየተባለ የሚላከው ስጦታ የላባችሁ ዋጋ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ለሮም ተማሪዎች ሲናገሩ፣ የስልክ ሱስ ነፃነትን እንደሚነጥቅና መነጋገርን ወደ ባዶ መነካካት እንደሚያወርድ አስጠንቅቀው ነበር።

መጠን መጠበቅን ከማንም መዋስ አያሻንም፤ የጾም ልጆች ነን። ሰዓት ሳይደርስ እንጀራ እንደማይቆረስ ከእናቶቻችን ተምረናል። ለስልኩም እንዲሁ ሰዓት ቁረጡለት። ወደ ቤት የሚደወልበት ቀን የታወቀ ይሁን። በመኝታ ሰዓት ከራስጌያችሁ ይራቅ፤ የታመመ ወላጅ ያላችሁ ግን ድምፁን አትዝጉት። ከስድቡ መድረክ ዛሬውኑ ውጡ፤ ለዚህስ ቀጠሮ አያስፈልግም።

ፎቶ መላክ ካማራችሁም የራሳችሁን ክፍልና ፍራሻችሁን ላኩ። ታናሽ ወንድማችሁ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ከጻፈላችሁ በሁለት ቃል መልሳችሁ አትለፉት፤ ደውሉለትና ያያችሁትን ሁሉ ንገሩት።