የግቢው በር መዘጋቱን የምትመሰክር መብራት

የቤትን ሰላም ከሚጠብቁት ነገሮች መካከል በር ፊተኛው ነው። ሰው ሀብቱንና ልጆቹን፥ የሌሊት ዕንቅልፉንም ጭምር ለበሩ አደራ ሰጥቶ ያድራል። ነገር ግን በር ምንም ያህል የጠነከረ ቢሆን ካልተዘጋ እንደ ሌለ ይቈጠራል። በቀድሞ ዘመን የሐረር ጀጎል 5 በሮች ሌሊት ሌሊት ይዘጉ ስለ ነበር፥ በቅጥሩ ውስጥ ያለው ሕዝብ በበረኞቹ ትጋት ተማምኖ ያድር ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የራሱ ቅጥር አለው፤ ስለ በሩም የሚጠየቀው ራሱ ነው።

ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. በኦቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ መኪና በከተማችን በዝቶአል፤ የግቢውም በር መኪና የሚያሳልፍ ሰፊ በር ሆኖአል። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ በቤቴል ሰፈር እንደምናየው፥ መኪና የሚያድረው በግቢ ውስጥ ነው። ጋራዥ የሚለውንም ቃል ሕዝባችን መኪና ለሚጠገንበት ሥፍራ ሰጥቶታል። ስለዚህ በሌላ አገር የመኪና ቤት በር ስለሚባለው የሚነገረው ነገር ሁሉ በእኛ ዘንድ የሚያገለግለው ለዚሁ ባለ ሁለት መዝጊያ የብረት በር ነው።

ይህ በር ብዙ ጊዜ ከመኝታ ቤት ራቅ ያለ ነው። የቤቱ ጌታ አምሽቶ ሲገባ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን እንግዳ ይሸኛል፥ ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል፥ ሠራተኛይቱም ለጉዳይዋ ትወጣለች። በእኩለ ሌሊት «በሩን ማን ዘጋው?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ሁሉም «እገሌ የዘጋው መስሎኝ ነበር» ይላል። በክረምት ሌሊት ከአልጋ ተነሥቶ፥ ዝናቡን ታግሦ፥ ጭቃውን ረግጦ ሄዶ መመልከት ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር እጅግ ከባድ ነው። ተኝቶ መጠራጠርም ቢሆን ዕንቅልፍ ይነሣል።

ለዚህ ችግር ቀላል ብልሃት አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤል የምርምር ቤት ይሠራ የነበረው ኤልውድ አንድ ትንሽ ማገናኛ አወጣ። ይኸውም አየር በማያስገባ ቀጭን የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ሁለት ስስ የብረት ልሳኖች ሳይነካኩ የተቀመጡበት ነው። ማግኔት ሲቀርባቸው ልሳኖቹ ይነካካሉ፥ ኤሌክትሪክም ያልፋል፤ ማግኔቱ ሲርቅ ይለያያሉ፥ ኤሌክትሪኩም ይቋረጣል። መሣሪያው በስልክ ማዞሪያ ቤቶች ብዙ አገልግሎአል፤ ዛሬም በፕላስቲክ ተሸፍኖ ለበር ይሸጣል። ማግኔቱ በሚንቀሳቀሰው ክፍል ላይ፥ ቱቦው በማይንቀሳቀሰው ላይ ሆኖ፥ በሩ ሲዘጋ በመካከላቸው አንድ ሳንቲሜትር ያህል ቢቀር ይበቃል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ መብራቲቱ የምትበራው መቼ ይሁን የሚለው ነው። ብዙ ሰዎች በሩ ሲከፈት ትብራ ይላሉ፤ ይህ ግን አደገኛ ነው። መብራት ኃይል በጠፋ ጊዜ፥ ወይም ሽቦው በተበጠሰ፥ ወይም አምፑሉ በተቃጠለ ጊዜ እንዲህ ያለችው መብራት ትጨልማለች፤ የቤቱም ሰው «ጨልማለች፥ እንግዲያስ በሩ ተዘግቶአል» ብሎ በሩ ወለል ብሎ እንደ ተከፈተ ይተኛል። ሐሰተኛ ምስክር ከምስክር ማጣት የከፋ ነው። ስለዚህ መብራቲቱ በሩ ሲዘጋ ትብራ። ያን ጊዜ ብርሃንዋ «ተዘግቶአል» ማለት ይሆናል፤ ጨለማዋም «ተነሥተህ ተመልከት» ማለት ይሆናል፥ የጨለማው ምክንያት ምንም ቢሆን።

ሁለተኛው ነገር በር መግጠሙ ብቻ መዘጋቱ አለመሆኑ ነው። መዝጊያው ገጥሞ መወርወሪያው ሳይወረወር ያደረ በር ለነፋስና ለሌባ አንድ ነው። ስለዚህ አንደኛው ማግኔት በመወርወሪያው ላይ ይሁን፤ ሁለተኛው ሌላውን መዝጊያ ከመሬት በሚይዘው ብረት ላይ፥ ሦስተኛው በትልቁ በር ውስጥ ባለችው በትንሽቱ የሰው መግቢያ ላይ ይሁን። ሦስቱም ማገናኛዎች በአንድ ሽቦ እንደ ዶቃ ተከታትለው ይያያዙ፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢጐድል መብራቲቱ እንዳትበራ ነው። ብረት የማግኔትን ኃይል ስለሚያደክም፥ በማግኔቱና በበሩ መካከል ቍራጭ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይግባ። በማጠፊያው በኩል የሚያልፈውም ሽቦ ለስላሳና ትርፍ ያለው ይሁን።

የ220 ቮልት ኤሌክትሪክ ግን ከቶ ወደ በሩ አይወሰድ፤ ዝናብና ብረት በተገናኙበት ሥፍራ ነፍስ ያጠፋል። ለዚህ ሥራ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፥ በአጠገቡ ትንሽ ፊውዝ፥ አንዲት ቀይ የኤልኢዲ አምፑልና የ1,000 ኦም ሬዚስተር ይበቃሉ። አምፑሊቱ የምትወስደው 10 ሚሊ አምፔር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ፥ አዲስና ሙሉ ከሆነ፥ በስሌት 700 ሰዓት፥ ማለት 29 ቀን ያህል ያበራታል። ባትሪውን ዘወትር በቻርጀር መሙላት ይገባል፤ መብራት ኃይል ቢጠፋም ምስክርነቱ አይቋረጥም።

ይህም ሁሉ ሆኖ አንድ ጉድለት ይቀራል። በመንገድ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተልጠው ቢነካኩ፥ በሩ ተከፍቶ ሳለ መብራቲቱ ልትበራ ትችላለች። ስለዚህ ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ በየሳምንቱም አንድ ቀን ሦስቱን በተራ እየከፈቱ፥ በእያንዳንዱ መጨለምዋን መፈተን ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ለቤቱ ልጆች ቢሰጡአቸው የኤሌክትሪክን ነገር ይማሩበታል፤ ቤታቸውን መጠበቅንም ከልጅነት ይለምዱታል።

በመጨረሻም የቤት ጌቶችና እመቤቶች ይህን ያስተውሉ። መብራቲቱ የተሠራችው ዘበኛውን ለመክሰስ አይደለም፤ እርሱንም ከጥርጣሬ ታድነዋለች። በሩ ተዘግቶ ማደሩ በታወቀ ጊዜ በቤተ ሰቡና በሠራተኛው መካከል ክርክር አይነሣም። ሆኖም መብራቲቱ ወሬ ታመጣለች እንጂ በር አትዘጋም፤ ጨልማ ስትገኝ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው የሌለበት ቤት፥ መቶ መብራት ቢሰቅል ተከፍቶ ያድራል።